ከውሻ ሳህን የተባረረው እህል

ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት ስለ እርሻ ሥራ በሰፊው የጻፈው ሮማዊው ኮሉሜላ፣ የእርሻ ውሾች ምን ይብሉ ለሚለው ጥያቄም መልስ ትቶ አልፏል። ከብት የሚረባበት እርሻ ከሆነ የገብስ ዱቄት በአጓት ተለውሶ ይሰጣቸው ይላል። ግጦሽ የሌለው፣ ወይንና ዛፍ ብቻ የተተከለበት እርሻ ከሆነ ደግሞ የስንዴ ዳቦ በባቄላ መረቅ ርሶ ይቅረብላቸው። መረቁ ለብ ያለ ይሁን ብሎም ያስጠነቅቃል፤ የሚፋጅ መረቅ ውሻን ያሳብዳል ብሎ ያምን ነበርና።

በእብደቱ ነገር ተሳስቷል። ገብሱና ስንዴው ግን በዘመኑም አዲስ ነገር አልነበሩም። ውሻ ከገበሬ ጋር መኖር ከጀመረ ወዲህ የኖረው ከሰው ማዕድ በሚተርፈው ነው፤ ጌታው ገብስ ከበላ ገብስ፣ ሩዝ ከበላ ሩዝ፣ በእኛም አገር የእንጀራ ፍርፋሪ። ዛሬ በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ወደ አንድ የቤት እንስሳት ዕቃ መደብር የገባ ሰው ግን በብዙ ከረጢቶች ላይ በትልልቅ ፊደል ተጽፎ የሚያየው “የብርዕ እህል የሌለበት” የሚለውን ነው። ስንዴ የለም፣ በቆሎ የለም፣ ገብስ የለም፣ ሩዝ የለም። ዋጋውም አብዛኛውን ጊዜ ከጎኑ ካለው ይበልጣል። ቆዳው የሚያሳክከው ወይም ሆዱ እየታወከ የሚያስቸግር ውሻ ያለው ሰው ያን ከረጢት እንደ መድኃኒት ቆጥሮ ከወር አስቤዛው እየቀነሰ ይገዛዋል። እህል ከውሻ ሳህን እንዴት እንደተባረረ ቢያውቅ ብዙ ገንዘብ ይተርፈው ነበር፤ ምናልባትም የውሻው ጤና። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የፋብሪካ የውሻ ምግብ ሲጀመር እህል ነበር። ጄምስ ስፕራት የሚባል የኦሃዮ ሰው፣ ሥራው የመብረቅ መከላከያ ዘንግ መሸጥ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወደ እንግሊዝ ተሻገረ። እንደሚተረከው ወደብ ላይ ሳለ የመርከበኞች ብስኩት ለውሾች ሲወረወር፣ ውሾቹም ሲሻሙበት አየ። የመርከበኛ ብስኩት ከዱቄትና ከውሃ ተጋግሮ እንደ ድንጋይ እስኪጠነክር የሚደርቅ፣ ለወራት ጉዞ የሚቆይ ስንቅ ነው። ስፕራት በዚያው መንገድ ስንዴ፣ አትክልት፣ ቀይ ሥርና የደረቀ ሥጋ አዋሕዶ የውሻ ብስኩት ጋገረ፤ በ1860ዎቹም በፓተንት አስከብሮ ለንደን ውስጥ መሸጥ ጀመረ። ሥጋው ከአሜሪካ ሜዳዎች የመጣ የከብት ሥጋ መሆኑን ማስታወቂያው ይናገር ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች ድሆች አልነበሩም። አዳኝ ውሻ የሚያረቡ፣ ውሻቸውን ለውድድር የሚያቀርቡ ባለጸጎች ነበሩ። ኩባንያውም ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበርና ውድድሮቹን ተከትሎ ሄደ። ገና በወጣትነቱ በስፕራት ድርጅት ተቀጥሮ ብስኩት ሲሸጥ ያደገው ቻርልስ ክራፍት፣ በ1891 በለንደን እስሊንግተን በራሱ ስም የውሻ ትርዒት አዘጋጀ፤ “ክራፍትስ” እስከ ዛሬ በዓለም ከታወቁት የውሻ ትርዒቶች አንዱ ነው። በአሜሪካም የውሻ ዝርያዎችን የሚመዘግበው የአሜሪካ ኬነል ክለብ መጽሔት በ1889 ሲወጣ የመጀመሪያው እትም የፊት ሽፋን በስፕራት ማስታወቂያ ተይዞ ነበር። ማስታወቂያዎቹ የገበታ ትራፊም ሆነ ትኩስ ሥጋ ለውሻ እንደማይበጅ ይሰብኩ ነበር። በነፃ የሚገኘውን ፍርፋሪ ጎጂ ነው ብሎ ማሳመን ካልተቻለ ብስኩት ማን ይገዛል? የውሻ ምግብ ንግድ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ከምግቡ ጋር ስጋትንም አብሮ ሸጧል። ይህ ልማድ በኋላ ዘመንም ደጋግሞ ብቅ ይላል።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ተራው የሥጋ ሆነ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መኪናና ትራክተር የፈረስን ሥራ ሲቀሙ አሜሪካ ሥራ ፈት በሆኑ ፈረሶች ተጥለቀለቀች። በኢሊኖይ ግዛት ሮክፎርድ ከተማ የቻፔል ወንድማማቾች በ1920ዎቹ መጀመሪያ የፈረስ ሥጋ በቆርቆሮ እያሸጉ “ኬን-ኤል ሬሽን” በሚል ስም ለውሻ ምግብነት አቀረቡ፤ በፊልም ዝነኛ የሆነውን ውሻ የሪን ቲን ቲንን የሬዲዮ ድራማ ስፖንሰር እስከ ማድረግም ደረሱ። ቆርቆሮው ገበያውን ያዘ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ግን ቆርቆሮውም ሥጋውም ለጦሩ ተፈለገ፤ የውሻ ምግብ ቅድሚያ አጣ፣ ፋብሪካዎችም ወደ ደረቅ ምግብ ዞሩ።

ዛሬ በየከረጢቱ የምናየውን ደረቅ ፍሬ የፈጠረው ግን ጦርነት አይደለም፤ የቁርስ እህል ማሽን ነው። የሴንት ሉዊሱ ራልስተን ፑሪና ኩባንያ ለሰው ቁርስ የሚሆን እህል የሚያመርትበትን ኤክስትሩደር የተባለ ማሽን ለውሻ ምግብ አዋለው፤ በ1957ም “ፑሪና ዶግ ቻው” ለገበያ ወጣ። አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። የተፈጨ እህልና ደርቆ የተፈጨ ሥጋ በእንፋሎትና በውሃ ይለወሳል። ሊጡ በሚሽከረከር ብረት እየተገፋ፣ እየተጨመቀና እየጋለ ወደ ጠባብ ቀዳዳዎች ይነዳል። ከቀዳዳው ብቅ ሲል ግፊቱ በድንገት ስለሚለቀው ውስጡ ያለው ውሃ ወደ እንፋሎት ይለወጥና ሊጡ እንደ ፈንዲሻ ቡፍ ይላል። ቢላዋው ወዲያው ይቆራርጠዋል፤ ከዚያ ይደርቃል፣ በመጨረሻም ውሻው እንዲወደው ስብ ይረጭበታል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ስታርች ካለ ብቻ ነው። ፍሬውን አያይዞ የሚያቆመው፣ እንዲያብጥም የሚያደርገው በሙቀት የሚሟሟው ስታርች ነውና። ርካሹ የስታርች ምንጭ ደግሞ በቆሎና ስንዴ ነበሩ። የወፍጮ ቤትና የቄራ ተረፈ ምርት ወደ ፋብሪካው እየገባ ለወራት የማይበላሽ፣ ለመመገብ ማብሰል የማያሻው ምግብ ሆኖ ወጣ። ውሻን ከረጢት እየገዙ መመገብ ለተራው ሠራተኛ ቤተሰብ የሚቻል ነገር የሆነው በዚህ ነው። ስለ በቆሎና ስለ ስንዴ በኋላ ክፉ የተናገሩ ሁሉ ይህን ውለታቸውን ባይዘነጉት ደግ ነበር።

የበሽተኛ ውሻ ምግብ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። በ1930ዎቹ መጨረሻ ሞሪስ ፍራንክ የሚባል ዓይነ ስውር አሜሪካዊ፣ በአገሩ የመሪ ውሾችን ጥቅም እየዞረ የሚያስተምር ሰው፣ ኩላሊቷ የታመመ ባዲ የምትባል ውሻውን ይዞ ወደ ኒው ጀርሲው የእንስሳት ሐኪም ወደ ማርክ ሞሪስ ሄደ። ሐኪሙ ችግሩ በምግብ ሊታገዝ ይችላል ብሎ ከሚስቱ ከልዊዝ ጋር በቤታቸው ወጥ ቤት ምግቡን እያበሰሉ በብርጭቆ ማሰሮ እያሸጉ መላክ ጀመሩ። ማሰሮዎቹ በመንገድ ተሰባበሩ። ወደ ቆርቆሮ ተዛወሩ፤ ፍላጎቱ ከወጥ ቤታቸው አቅም ሲያልፍ ደግሞ በ1948 ከካንሳሱ ሂል ማሸጊያ ኩባንያ ጋር ተዋዋሉ። በሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ የእንስሳት ምግብ ዛሬ ድረስ የዘለቀው ከዚያ ተነሥቶ ነው። እዚያ ምግቡን የወሰነው በሐኪም የታወቀው በሽታ ነበር። ይህ ቅደም ተከተል በኋላ ተዘነጋ።

በ1980ዎቹ በአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ስለ ምግብ አለርጂ በስፋት መናገር ሲጀምሩ ለሚያሳክካቸው ውሾች የታዘዘው ምን ነበር? የበግ ሥጋና ሩዝ። በጉ የተመረጠው በተፈጥሮው ከበሬ ስለሚሻል አልነበረም፤ የአሜሪካ ውሾች በግ እምብዛም ቀምሰው ስለማያውቁ ሰውነታቸው ገና አልተቆጣበትም በሚል ነው። ሩዙ ደግሞ በቀላሉ የሚፈጭ፣ ለታወከ ሆድ የሚስማማ እህል ስለሆነ። አንድ ትውልድ ሳያልፍ “የማይስማማው” ተብሎ የተባረረው የእህል ወገን ያኔ ራሱ ለሆደ ስሱ ውሻ መዳኛ ነበር። ኩባንያዎችም በግና ሩዙን ጤነኛ ለሆነ ውሻ ሁሉ መሸጥ ጀመሩ። በጉ የዕለት ምግብ ሲሆን አዲስነቱ ቀረ፤ ሐኪሞቹም ወደ ዳክዬ፣ ወደ አጋዘን፣ እስከ ካንጋሮ ድረስ መሄድ ግድ ሆነባቸው። ቀጥሎ ፕሮቲኑ በኢንዛይም እየተቆራረጠ ሰውነት እንዳይለየው የተደረገበት ምግብ መጣ፤ እሱም ውድ ነው።

ስንዴ የማይስማማው ውሻ በእርግጥ አለ። በብሪታንያ በ1980ዎቹ የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአንዳንድ አይሪሽ ሴተር ውሾች ላይ ግሉተን የተባለው የስንዴ ፕሮቲን አንጀታቸውን እንደሚጎዳ፣ ችግሩም በዘር እንደሚተላለፍ አሳይተዋል። በቦርደር ቴሪየር ዝርያም ግሉተን ከምግባቸው ሲወጣ የሚሻላቸው፣ ጡንቻ እየጨመደደ የሚያንቀጠቅጥ በሽታ ያለባቸው ውሾች ተገኝተዋል። ነገር ግን እነዚህ ጥቂት ዝርያዎች ናቸው። የጥቂቶቹን ችግር የሁሉም ያደረገው ሌላ ታሪክ ነው።

መጋቢት 16 ቀን 2007 ሜኑ ፉድስ የተባለው የካናዳ አምራች ከ60 ሚሊዮን በላይ ጣሳና ከረጢት የውሻና የድመት ምግብ ከገበያ መሰብሰቡን አስታወቀ። ኩባንያው ለብዙ ታዋቂ ስሞች በአንድ ጣሪያ ሥር ያመርት ስለነበር ውድ ተብሎ የተገዛውም ርካሽ ተብሎ የተገዛውም አብሮ ተሰበሰበ። እንስሳቱ በኩላሊት ውድቀት እየሞቱ ነበር። ምርመራው ከቻይና የመጣ፣ የስንዴ ግሉተን ተብሎ የተሸጠ ዱቄት ላይ ደረሰ፤ ሜላሚን ተጨምሮበት ነበር። ሜላሚን ፕላስቲክ የሚሠራበት ኬሚካል ነው። ናይትሮጅኑ ብዙ ነው፤ የፕሮቲን መጠን የሚለካውም በናይትሮጅን ስለሆነ ደካማው ዱቄት በላቦራቶሪ ፊት በፕሮቲን የበለጸገ መሰለ። ማጭበርበር ነበር እንጂ የስንዴ ጥፋት አልነበረም። በሐዘን ላይ ባለ ባለቤት ጆሮ የቀረው ግን “የስንዴ ግሉተን” የሚለው ቃል ነው።

ገበያው ለዚህ ስሜት ፈጥኖ መልስ ሰጠ። በዚያው ዘመን ሰውም ስንዴና ስኳር እየተወ፣ “የጥንት ሰው አመጋገብ” እየተባለ ነበርና የውሻ ከረጢት ላይ ተኩላ ተሳለ። ውሻ ተኩላ ነው፤ ተኩላ ስንዴ አይበላም፤ ስለዚህ... የማሽኑ ነገር ግን አልተለወጠም፤ ፍሬው እንዲያያዝ ስታርች ያስፈልጋል። ስለዚህ በስንዴና በበቆሎ ቦታ አተር፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ድንችና ካሳቫ ገቡ። ለአበሻ ቤት የጾም ወጥ የሆኑት ጥራጥሬዎች በአሜሪካ የውሻ ሳህን ውስጥ የቅንጦት ምልክት ሆኑ። ብዙ ገዢ ከረጢቱ ሥጋ ብቻ የሞላው ይመስለው ነበር፤ የያዘው ስታርች ግን ከድሮው ብዙም የማያንስበት ጊዜ ነበር።

የተኩላው ነገርም በሳይንስ ሲፈተሽ አልቆመም። በ2013 ኤሪክ አክሴልሶንና ባልደረቦቹ በስዊድን ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ያደረጉት ጥናት በኔቸር መጽሔት ታተመ። ስታርች የሚያፈጨውን አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም የሚያዘው ጂን በተኩላ 2 ቅጂ ብቻ ሲኖረው በውሻ ከ4 እስከ 30 ሆኖ ተገኘ። ከሰው ጋር እህል ሲበላ የኖረው እንስሳ ሰውነቱ ተቀይሯል ማለት ነው። ከእርሻ ርቆ በአውስትራሊያ በረሃ የኖረው ዲንጎ ግን እንደ ተኩላ በ2 ቅጂ ቀርቷል። የኮሉሜላ ገብስ ማስረጃው በደም ውስጥ ተገኘ።

ከዚያ አሳሳቢው ዜና መጣ። በሐምሌ 2018 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ ኤፍዲኤ፣ አተርና ምስር የበዛበትን ምግብ በሚበሉ ውሾች ላይ የልብ ጡንቻ እየሳሳ ልብ የሚሰፋበት በሽታ ሪፖርት እየተደረገ መሆኑን አሳወቀ። በሽታው በዶበርማን፣ በግሬት ዴንና በቦክሰር ዝርያዎች በዘር የሚመጣ ነው፤ ይህን ጊዜ ግን ጎልደን ሪትሪቨርና ቅይጥ ውሾችም ታመሙ። እስከ ሚያዝያ 2019 ሪፖርት የተደረጉት 560 ውሾች ነበሩ፤ 119ኙ ሞተዋል። ይበሉ ከነበሩት ምግቦች ከ90 በመቶ በላዩ የብርዕ እህል የሌለባቸው፣ 93 በመቶው አተር ወይም ምስር ያለባቸው ነበሩ።

የእንስሳት ሐኪሞች ይህን ሲሰሙ ያስታወሱት የድመቶችን ታሪክ ነበር። በ1987 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎች የድመቶች ልብ መስፋት ታውሪን የተባለ አሚኖ አሲድ በምግባቸው ከማነሱ ጋር እንደሚያያዝ አረጋግጠው የድመት ምግብ አሠራር በዚያ ተለውጧል። ውሻ ታውሪንን ራሱ ይሠራል ተብሎ ስለሚታመን ጉዳዩ እዚያ ቆሞ ነበር። በ2018 ከዚያው ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት በእንዲህ ዓይነት ምግብ የታመሙ ጎልደን ሪትሪቨሮች ታውሪናቸው ዝቅ ብሎ እንደነበር፣ ምግባቸው ተቀይሮ ታውሪን ሲሰጣቸውም የአብዛኞቹ ልብ እንደተሻለው አሳየ። ሌሎች ታማሚዎች ግን ታውሪናቸው ልክ ነበር። ኤፍዲኤ በታኅሣሥ 2022 የደረሱት የውሻ ሪፖርቶች 1,382 መድረሳቸውን ገልጾ፣ ምግቡ በሽታውን ያመጣል ለማለት መረጃው እንደማይበቃ፣ አዲስ ነገር ካልተገኘ በስተቀርም መግለጫ እንደማያወጣ አስታወቀ። ምግቡ ጥፋተኛ አልተባለም፤ ነፃ ነው ብሎ ያሰናበተውም የለም።

ታዲያ የሚያሳክከውን ውሻ የሚያስቆጣው ምንድን ነው? በ2016 ራልፍ ሙለር፣ ቲየሪ ኦሊቭሪና ፓስካል ፕሬሎ የቀደሙ ጥናቶችን ሰብስበው ምግብ የማይስማማቸው 297 ውሾችን መዝገብ አዩ። የበሬ ሥጋ 34 በመቶ፣ ወተትና የወተት ተዋጽኦ 17 በመቶ፣ ዶሮ 15 በመቶ፣ ስንዴ 13 በመቶ። በቆሎ 4 በመቶ ብቻ። አንድ ውሻ ለሁለት ነገር ሊቆጣ ይችላል፤ ቢሆንም ሥጋውና ወተቱ ከእህሉ ይቀድማሉ። ዶሮ የማይስማማው ውሻ “የብርዕ እህል የሌለበት” ከረጢት ሲገዛለት፣ ከረጢቱ ዶሮ ካለበት፣ ባለቤቱ ተጨማሪ ገንዘብ ከፍሎ በሽታውን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይህ በየቀኑ የሚደርስ ነገር ነው፤ የሚያስቆጭም ነው።

አቅሙ ውሱን የሆነ ሰው መጀመሪያ ሊገዛ የሚገባው ከረጢት ሳይሆን መልስ ነው። መልሱ የሚገኘው ከደም፣ ከምራቅ ወይም ከፀጉር ምርመራ አይደለም፤ እነዚህ ለምግብ አለርጂ አስተማማኝ አይደሉም። የታመነው መንገድ ውሻው ቀምሶት የማያውቀውን አንድ የሥጋ ዓይነትና አንድ የስታርች ምንጭ ብቻ፣ በሐኪም ምክር፣ ለ8 ሳምንት መስጠት ነው። ከተሻለው የድሮው ምግብ ይመለስለታል፤ ማሳከኩ ከተመለሰ ጥፋተኛው እዚያ ውስጥ አለ ማለት ነው። በእነዚያ ሳምንታት ብስኩት የለም፣ የሥጋ ጣዕም ያለው የሚታኘክ ክኒንም ሐኪሙ ሳያውቅ አይሰጥም። በቤት የሚበስል ከሆነ ወጥ አይነካውም፤ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን የደም ሴል ይጎዳሉ። ለቡችላ ደግሞ የቤት ምግብ ያለ ሐኪም ዕቅድ አይሞከርም።

በሱቅ የተገዛ “አንድ ሥጋ ብቻ” የሚል ምግብም ሁልጊዜ አይታመንም። በ2011 በታተመ የአሜሪካ ምርመራ ከ4 የአጋዘን ሥጋ ምግቦች በ3ቱ ውስጥ በጽሑፉ ያልተጠቀሰ አኩሪ አተር፣ በአንዱም የበሬ ፕሮቲን ተገኝቷል። ለፈተናው ጊዜ የሐኪሙን ውድ ምግብ ለ8 ሳምንት መግዛት፣ ለዓመታት የማይጠቅም ከረጢት ከመቀያየር ይረክሳል።

ጥፋተኛው ከታወቀ በኋላ የዋጋ ጉዳይ ቀላል ይሆናል። የበሬ ሥጋ ከሆነ የማይስማማው፣ ሩዝና ዓሣ ያለበት ተራ ከረጢት ይበቃዋል። ስንዴ ብቻ ከሆነ ሩዝ ወይም አጃ ያለበትን መፈለግ ይቻላል፤ ሁሉንም እህል ማባረር አያስፈልግም። ዋጋ የሚነጻጸረው ደግሞ በከረጢት አይደለም፣ በቀን ነው። በቀን 300 ግራም የሚበቃበት የ12 ኪሎ ከረጢት 40 ቀን ይሄዳል፤ 400 ግራም የሚጠይቅ የ10 ኪሎ ከረጢት በ25 ቀን ያልቃል። በማሸጊያው ጀርባ በትንሽ ፊደል የተጻፈውንም ማንበብ ያሻል፤ በአሜሪካ ከሆነ ምግቡ ለውሻው ዕድሜ የተሟላ መሆኑን አፍኮ በተባለው የመኖ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር መስፈርት የሚገልጸውን ዓረፍተ ነገር። ተኩላውና ትልልቁ ጽሑፍ የማስታወቂያ ክፍሉ ሥራ ናቸው።

ውሻዎ ከወራት ወይም ከዓመታት ጀምሮ አተርና ምስር የበዛበት ምግብ እየበላ ከቆየና ቶሎ የሚደክም፣ የሚያስል ወይም ራሱን የሚስት ከሆነ፣ ነገ ዛሬ ሳይሉ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት፤ የምግቡን ከረጢትም ይዘው ይሂዱ።